የእድሩ ቅጣትና የአዋጁ ቅጣት

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ጤና ይስጥልኝ። ሰሞኑን፣ በዚህ በሰኔ 2012 ዓ.ም.፣ በጋዜጣችሁም በቴሌቪዥኑም የሰፈር ሰው ቸልተኛ ሆነ፣ ለኮሮና የወጣውን አዋጅ ይጥሳል የሚል ወቀሳ በርትቷል። ውሸት ነው አልልም። እኔ በምኖርበት ጉለሌ ማስክ የሚደረገው አገጭ ላይ ነው። ፖሊስ ከሩቅ ብቅ ሲል ወደ አፍንጫ ይወጣል፣ ፖሊሱ ሲያልፍ ይወርዳል። ታክሲውም ያው ነው። ግማሽ ሰው ጭኖ እጥፍ እንዲያስከፍል ተፈቀደለት። ቀን ቀን ያከብራል። ሲመሽ ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ እንጂ» ይላል፤ ሂሳቡ ግን እዚያው እጥፉ ላይ ነው።

ይሄ ሁሉ ተጽፏል። እኔ የምጽፈው ስለ ለቅሶ ነው።

በቅርቡ ሰፈራችን ውስጥ አንዲት እናት አረፉ። ድንኳኑ መንገዱን ዘግቶ ተተከለ። እውነቱን ለመናገር ጠዋት ላይ ጥሩ ነበር። በሩ ላይ ቧንቧ የተገጠመለት በርሜል ከነሳሙናው ተቀመጠ። አግዳሚውም ተራርቆ ተደረደረ። ከሰዓት ሳሙናው አለቀና የሚተካ ጠፋ። ሰው ሲበዛ አግዳሚው ተጠጋጋ። ሴቶቹ ተቃቅፈው ያለቅሳሉ፣ ማን ደፍሮ ተዉ ይበላቸው? ሁለት ደንብ አስከባሪዎች መጡ። ድንኳኑ ጋ ሲደርሱ ኮፍያቸውን አወለቁ። «እግዜር ያጽናችሁ» ብለው ጥቂት ቆሙና ሄዱ። አልፈርድባቸውም፤ እነሱም የሰው ልጆች ናቸው።

ግን መግቢያው ላይ የእድራችን ጸሐፊ ደብተሩን ዘርግቶ ተቀምጧል። የመጣው ሰው ስም ላይ ምልክት ያደርጋል። የቀረ ይቀጣል። ብሩ ያን ያህል ኪስ አይጎዳም። የሚጎዳው «ለቅሶ የማይደርስ» መባሉ ነው። ነገ በራሱ ቤት ሐዘን ቢገባ ማን ይመጣለታል?

እንግዲህ በሁለት ሕግ መካከል ገብተናል። መጋቢት 30 የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከአራት ሰው በላይ አትሰብሰቡ፣ በመካከላችሁም የሁለት አዋቂ እርምጃ ርቀት ይኑር ይላል። የጣሰ እስከ ሦስት ዓመት ሊታሰር ወይም ከ1 ሺህ እስከ 200 ሺህ ብር ሊቀጣ ይችላል። የእድሩ መተዳደሪያ ደንብ ደግሞ ያልተሰበሰበውን ይቀጣል። አዋጁ ለአምስት ወር ነው። ድንኳን የሚተክልልን፣ ሬሳችንን የሚያነሳልን ግን እድሩ ነው። ሰው የቱን እንደሚፈራ ለመገመት ምርምር አያስፈልግም።

የጤና ሚኒስትሯ ዶክተር ሊያ ታደሰ በየቀኑ ከሚያወጡት መግለጫ እኔ ቀድሜ የምፈልገው ከአስከሬን ምርመራ ቫይረሱ ተገኘበት የሚለውን መስመር ነው። ሰውየው ሲሞት ቤተሰቡ በሽታውን አላወቀም ማለት ነው። ውጤቱ እስኪነገር ድረስ ስንቱ ገብቶ ተቀምጦ ይሆን? ስንቱስ አቅፎ አልቅሷል?

ፖሊስ እዚህ ላይ ብዙ ይፈይዳል ብዬ አላምንም። ግንቦት ውስጥ ማስክ አላደረጋችሁም ተብሎ ከሺህ በላይ ሰው መያዙን ሰምተናል። ተራራቁ ለማለት ሰውን አፍሶ አንድ ቦታ ማከማቸት እንዴት እንደታሰበ የሚያስረዳኝ ባገኝ ደስ ይለኛል። ለቅሶ ቤት ዱላ ይዞ መግባትማ የማይሞከር ነው።

ደግሞ ሕዝቡ እምቢተኛ ሆኖ አይደለም። ሚያዝያ 11 ቀን ፋሲካን አብዛኛው ሰው ቅዳሴውን በቴሌቪዥን ተከታትሎ ቤቱ ፈሰከ። ግንቦት 16 ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ኢድን ስታዲየም ሳይወጡ ቤታቸው ሰገዱ። ይህን የቻለ ሰው ለቅሶ ላይ ለምን አቃተው? የሃይማኖት አባቶች ራሳቸው ቅሩ ስላሉት ነዋ። መቅረቱ ነውር እንዳልሆነ ሊነግረው የሚገባው አካል ነገረው። ለቅሶ ላይ ይህን ቃል መናገር የሚችለው የእድር ዳኛ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ እስካሁን ዝም ብሏል።

አንዳንድ ሽማግሌዎች «ባህላችን ይጠፋል» ይላሉ። በየዓመቱ ህዳር 12 ቆሻሻ የምናጨሰው ለምን እንደሆነ ከእኛ ይልቅ እነሱ ያውቃሉ። በ1911 ዓ.ም. የህዳር በሽታ የተባለው ወረርሽኝ ሲገባ አዲስ አበባ አልቃሽ ቀርቶ ቀባሪ አጥታ ነበር።

ስለዚህ የምጠይቀው ቀላል ነገር ነው። አዋጁ እስኪነሳ ድረስ እድሮች የቀሪ ቅጣታቸውን ያንሱ። ሲያነሱም በጡሩምባ ያስነግሩት፤ ሰዉ ሁሉ በግልጽ ይስማና «ቀረ» ተብሎ የሚታማ አይኑር። ደብተሩ ይዘጋ። ድንኳን ካልቀረ በር ላይ ቆሞ «በቃ፣ ሞልቷል፣ ነገ ኑ» የሚል ሰው እድሩ ይመድብ፤ ከደንብ አስከባሪው ይልቅ እሱ ይደመጣል። በስልክ ያስተዛዘነም እንደመጣ ይቆጠርለት። ወረዳውም የእድር ሰብሳቢዎችን በስልክ ያነጋግር። አደራ፣ ለዚህ ብሎ አዳራሽ እንዳይሰበስባቸው።

ለእኛ ሰብሳቢ ይህንኑ ነግሬአቸው ነበር። «ሌላው እድር ሳያደርገው እኛ ቀድመን እንዴት እንጀምራለን?» አሉኝ። እንግዲህ ቅጣቱን ያነሳ እድር በከተማው ካለ ጋዜጣችሁ ስሙን ያውጣልን። ቆርጬ እወስድላቸዋለሁ።

አንድ የጉለሌ ክፍለ ከተማ ነዋሪ
አዲስ አበባ፣ ሰኔ 2012 ዓ.ም.