ለእድሩ ስለዘራነው ቦሎቄ፣ ለልጄ

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

እንዴት ነህ የኔ ጌታ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አባትህን ጉልበቱን ትንሽ ያመዋል እንጂ ሌላ ችግር የለም። የላክኸው 2,000 ብር ደርሶናል። በስልክ «እማ፣ ይሄ ሁሉ ልፋት ለምንድን ነው? ሁሉም 500 500 ብር ቢያዋጣ አያልቅም?» ያልከኝ ግን ከሆዴ አልወጣም። ተረጋግቼ ልመልስልህ ብዬ ነው የምጽፍልህ።

ወደ መልካሳ በሚወስደው መንገድ በኩል መሬት ያላቸው አንድ የእድራችን አባል ዘንድሮ ግማሽ ሄክታር ለአንድ ክረምት ያለ ኪራይ ሰጡን። ዘሩን ደግሞ ሌላ ገበሬ ለገሱን። አዋሽ 1 የሚባለው ነጩ ቦሎቄ ነው፣ እዚያው መልካሳ ምርምር ማዕከል የወጣው። 40 ኪሎ ግድም በቃን። ተሽጦ የሚገኘው ብር ለሦስት ይከፈላል፦ ጧሪ ለሌላቸው ሽማግሎች ምሳ፣ ለሰፈሩ ልጆች እግር ኳስ ቡድን፣ ለእድሩ የችግር ጊዜ ሣጥን።

ለምን ቦሎቄ? በሦስት ወር ይደርሳል፣ የአዳማ ዝናብ ደግሞ ከዚያ በላይ አይታመንም። መሬቱንም ናይትሮጅን ይሰጠዋል። ስለዚህ ባለመሬቱ በሚቀጥለው ዓመት ጤፍ ሲዘሩበት እሳቸውም ይጠቀማሉ። ለውለታቸው ይሄ መመለሱ እኔን በጣም ደስ ብሎኛል።

ወደ ጥያቄህ ልምጣ። 500 ብር ላንተ ቀላል ነው። ጉልት ለምትቸረችረው ጎረቤታችን ግን የሽንኩርት መግዣዋ ነው። ብር አዋጡ ሲባል ዝም ብላ ታዋጣለች፣ ወይ ደግሞ አፍራ ከስብሰባው ትቀራለች። ወደ ማሳው ስንሄድ ግን ከሁሉ ቀድማ የምትመጣው እሷ ናት። በሐምሌ መጀመሪያ ስንዘራ የኳሱ ልጆች ሲባጎ ወጥረው በመስመር ዘሩልን፣ በመስመሮቹ መሃል 40 ሴንቲ፣ በዘርና በዘር መሃል 10 ሴንቲ እየለኩ። ሁለተኛውን አረም ያረምነው በፍልሰታ ነው። ሽሮ ይዘን ሄድን። ቅጠሉ በጤዛ እርጥብ እያለ ማንም እንዳይገባ ስለከለከልኩ «ፀሐይ ሊያቃጥለን ነው» ብለው ብዙዎቹ አጉረመረሙ፤ ግን በሽታው በእርጥብ ቅጠል ነው ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው የሚዛመተው፣ ሰው በልብሱ ነው ይዞት የሚዞረው። አሁን አብቧል። አበባው እንዳይረግፍ ደግሞ ውስጡ የሚገባ የለም።

እኔ በጉጉት የምጠብቀው ለቀማውን ነው። አንተ ሕፃን ሆነህ እዚህ አዳማ የቦሎቄ መጋዘን ውስጥ ለቀማ ስሠራ ታስታውስ ይሆናል። ነጭ ቦሎቄ ውጭ አገር የሚሄድ እህል ነው፣ ገዢውም መጀመሪያ የሚያየው ንጣቱን ነው። የተሰነጠቀ፣ ዝናብ መትቶት የጠቆረ፣ ሌላ ቀለም የተቀላቀለበት፣ ጠጠር ያለበት ከሆነ ዋጋው ወዲያው ይወርዳል። ነጋዴውም እፍኝ አንስቶ መዳፉ ላይ አይቶ ነው የሚፈርደው። እኛ ግን ሳይለቀም አንሸጥም። ማረም የማይችሉ እናቶች አሉን፣ ወገባቸው እምቢ ያላቸው። እነሱ ቁጭ ብለው ሰፌድ ይዘው፣ ቡናቸውን እየጠጡ ይለቅማሉ። እጃቸው ፈጣን ነው፣ ግማሾቹ እኮ አብረውኝ የሠሩ ናቸው! ተሰብሮ የሚወጣው ደግሞ አይጣልም፣ ለሽማግሎቹ ምሳ ንፍሮ ይሆናል። ደህና ከያዘልን ከ7 እስከ 10 ኩንታል እንጠብቃለን።

አንድ ነገር ግን አጣልቶን ነበር። ከስብሰባዎቹ አንዱ ላይ «የእድሩ ድንኳን ተቀዷል፣ ከዚሁ ብር ይጠገን» የሚል ተነሳ። ድንኳኑ መጠገን አለበት፣ እውነት ነው። ግን ከዚህ አይደለም። ሰው መሬቱን የሰጠው፣ ሰው ዘሩን የሰጠው፣ ልጆቹም ሐሩር ላይ የዋሉት ለምን እንደሆነ ተነግሯቸው ነው፤ እህሉ ከገባ በኋላ ሌላ ነገር ከተባለ ዓመት የሚመጣልን የለም። ይሄንን ተነስቼ ተናገርኩ። ዳኛው ደገፉኝ። ክፍፍሉ በቃለ ጉባኤ ተጽፎ፣ ገንዘብ ያዡና ተቆጣጣሪው ፈርመውበት የእድሩ ቤት ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። የሚሸጥበት ዋጋና የኩንታሉ ብዛትም እዚያው ይለጠፋል።

ያንተ 2,000 ብር ደግሞ ሥራ አግኝቷል። አየር የማያስገባውን ከረጢት ልንገዛበት ነው፣ ውስጡ ሁለት ላስቲክ ያለውን። ጥቅምትና ኅዳር ሁሉም የሚሸጥበት ስለሆነ ዋጋው ይወድቃል፤ እስከ ጥር ማቆየት ከፈለግን ግን ነቀዙ አይተወንም። በዚህ ከረጢት በደንብ ከታሰረ ነቀዙ አየር አጥቶ ይሞታል፣ መድኃኒት መርጨትም አያስፈልግም። ሽማግሎቹ የሚበሉት እህል ላይ መድኃኒት እንዲነካ አልፈልግም።

ከአንተ የምፈልገው ብር ሳይሆን ራስህን ነው። የምንነቅለው በመስከረም መጨረሻ ወይ በጥቅምት መግቢያ፣ ቅዳሜ ቀን ነው። ፀሐይ ከበረታ ቆባው እየፈነዳ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል፣ ስለዚህ ገና ጤዛው ሳይደርቅ ነው የምንጀምረው። አርብ ማታ ግባ። በፈጣኑ መንገድ ከአዲስ አበባ ሩቅ አይደለም፣ ሥራ በዛብኝ እንዳትለኝ። ጓደኞችህንም ይዘህ ና፤ ግን ስንት እንደምትሆኑ ቀድመህ ደውልልኝ፣ ምሳውን የማበስለው እኔ ነኝ።

እናትህ
አዳማ