ጨረቃ ኪራይ ሰብስባ አታውቅም

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

ስለ ፒያሳ መልሶ ማልማት ያወጣችሁትን ዘገባ አነበብኩት። ፎቶዎቹ ያምራሉ። የእግረኛ መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ ደምቋል፣ ማታ ማታ ሰው ልጆቹን ይዞ ይናፈስበታል። አልክድም፣ ባለፈው እኔም ሄጄ ማኪያቶ ጠጥቻለሁ። ያንገበገበኝ አንድ ቃል ነው። እዚያው ፒያሳ የነበረውን ሰፈራችንን ዶሮ ማነቂያን «የጨረቃ ቤቶች መንደር የነበረ» ብላችሁ አለፋችሁት።

ጨረቃ ቤት? ጨረቃ ቤት እኮ በሌሊት ያለ ፈቃድ የሚቆም ነው! የእኛ ቤት እናቴ ሙሽራ ሆና የገባችበት ነው፣ ያኔ አከራዩ ግለሰብ ነበር። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤት ሲወረስ የመንግሥት ሆነ፣ ኪራዩም ከ100 ብር በታች ስለነበር ወደ ቀበሌ ሄደ። ከዚያ ወዲህ የከፈልንበትን ደረሰኝ እናቴ በላስቲክ አስራ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጣዋለች። የአንዳንዱ ጽሑፍ ጠፍቷል፣ ማህተሙ ግን ይታያል። ታዲያ ማህተሙ የጨረቃ ነበር?

«የተጎሳቆለ» ያላችሁት ልክ ነው። ክረምት ሲገባ ሳፋና ጆግ ከጣሪያው ስር ደርድረን ነበር የምንተኛው። ግን አከራዩ ማን ነበር? የቀበሌ ቤት ተከራይ በገዛ ገንዘቡ ቆርቆሮ ልቀይር ቢል እንኳ ፈቃድ ያስፈልገዋል። እኔ ራሴ ማመልከቻ ይዤ ስመላለስ ከርሜ «ቦታው ለልማት ይፈለጋል» ተብዬ ተመልሻለሁ። አታድስ ብሎ ከልክሎ፣ እስኪያረጅ ጠብቆ፣ ከዚያ «አያችሁ፣ አርጅቷል» ማለት! ጎበዝ ነው፣ መቼም።

ልማት ይቅር አላልኩም። ምትክ ቤት አግኝቻለሁ፣ ሽንት ቤቱም እዚያው ቤቱ ውስጥ ነው፣ ለዚህ ተመስገን። ሥራዬ ግን አሁንም ፒያሳ ስለሆነ ሦስት ታክሲ ነው የምይዘው። ለክትፎ ቤቶቹ እንጀራ ታስረክብ የነበረች ጎረቤቴ ደግሞ ምጣዷን ይዛ ሄደች እንጂ ደንበኞቿን ይዛ መሄድ አልቻለችም። የእድራችን ድንኳን አንድ አባል ኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ ታጥፎ ተቀምጧል፣ ለቅሶ ሲኖር ማን እንደሚያመጣው በስልክ እንከራከራለን። መጋቢት 2016 ላይ ሰፈሩ ሲፈርስ ይኸም አብሮ ፈርሷል። በዘገባችሁ ግን አልሚው ተናገረ፣ ኃላፊው ተናገሩ፣ አንድ ተነሺ አልተጠየቀም። መሬት በሊዝ ጨረታ የሚሄደው አብላጫ ዋጋ ላቀረበ ነው፣ አልሚውም ያወጣውን ከአፓርታማው ዋጋ ላይ ነው የሚመልሰው። በቀበሌ ኪራይ የኖረ ሰው በየት በኩል ነው እዚያ የሚመለሰው? ከአዲሱ ሕንፃ ጥቂት ክፍሎች ለነባሩ ሰው በኪራይ ይተዉ ብሎ መጠየቅስ ያን ያህል ነውር ነው?

ለማንኛውም ማረሚያ አውጡ። ማስረጃ ይቅረብ ካላችሁ ደግሞ የብስኩት ቆርቆሮውን ይዤ ቢሯችሁ ድረስ እመጣለሁ። ብቻ መንገዱ ሩቅ ነውና መኖራችሁን አስቀድማችሁ ንገሩኝ።

የዶሮ ማነቂያ ተነሺ