ለ«ቢተር» አንድ መስመር አይበቃውም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ቻይንኛ ተናጋሪዎች እንግሊዝኛ እንዲማሩበት ብላችሁ በቅርቡ ያወጣችሁትን የጣዕም ቃላት ሰንጠረዥ ቆርጬ የማስተምርበት ክፍል ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። ስለዚህ የምጽፈውን እንደ ደንበኛ ቅሬታ ቁጠሩልኝ። የማነሳው አንዷን መስመር ብቻ ነው። በእንግሊዝኛ «ቢተር» ብላችሁ፣ ቀጥሎ በቻይንኛ «ኩ» ብላችሁ፣ መጨረሻ ላይ «መራራ» ብላችሁ አልፋችኋል። ለምላስ ልክ ነው። ለሰው ሲሆን ግን ጣጣ ያመጣል።

ጡረታ የወጣሁ የእንግሊዝኛ መምህርት ነኝ። ማታ ማታ እዚሁ ሐዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ፣ የልብስ ፋብሪካ ሠራተኞችን አስተምራለሁ። የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሐምሌ 2008 ከተመረቀ ወዲህ ከተማችን ውስጥ ቻይንኛ መስማት ብርቅ አይደለም። ፓርኩን የገነባውም የቻይና ኩባንያ ነው። ከተማሪዎቼ ብዙዎቹ የስፌት መስመር ኃላፊዎችና ቴክኒሺያኖች ናቸው። ከእኛ ልጆች ጋር የሚግባቡት በእንግሊዝኛ ነው፤ ለሁለቱም ወገን የሰው ቋንቋ በሆነ እንግሊዝኛ። አለመግባባቱም የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

አንዷ ተማሪዬ ስለ እናቷ ስታወራ «ማይ ማዘር ኢዝ ኤ ቬሪ ቢተር ውማን» አለች። ፊቷ ላይ ኩራት ይነበባል። አጠገቧ የተቀመጠችው የሰው ኃይል ክፍል ሠራተኛ፣ የሐዋሳ ልጅ ነች፣ ክው አለች። ወደ እኔ ዞራ በአማርኛ፣ «ቲቸር፣ ምን ቢበድሏት ነው ወላጅ እናቷን እንዲህ የምታማቸው?» አለችኝ። ልጅቷ ግን እናቷን እያመሰገነች ነበር። ባላቸው ሞቶ፣ በልጅነቷ እርሻ ላይ እየዋሉ ብቻቸውን ያሳደጓት ሴት ናቸው።

እንግሊዝኛ ሰውን «ቢተር» ካለ ቂም የቋጠረ፣ የተበደለውን ያልረሳ፣ አንጀቱ ያረረ ማለቱ ነው። «ሺ ኢዝ ቢተር አባውት ኢት» ሲባል ነገሩ እስከዛሬ ከሆዷ አልወጣም ለማለት ነው። የቻይንኛው «ኩ» ለሰው ሲውል ግን ስለ ቂም ምንም አይናገርም። የተቸገረ፣ የተንገላታ፣ መከራ ያየ ማለት ነው። ልጅቷ ማለት የፈለገችው «ሺ ሃድ ኤ ሃርድ ላይፍ» ነበር። «ሃርድ» የምትለዋ ተራ ቃል ነች የጎደለቻት። የእናንተ ሰንጠረዥ ደግሞ «ኩ»ን አይታ ቀጥታ «ቢተር» ላይ ጣለቻት።

የሚገርመው የእኛ ሰው ቻይንኛውን ከእንግሊዝኛው ይልቅ ቶሎ ይረዳዋል። ቻይናዎች «ቺ ኩ» ይላሉ፤ መራራ መብላት ማለት ነው። መቸገርን፣ ችግርንም መቻልን እንዲህ ይገልጹታል። ይህን ሳስረዳ ያቺ የሰው ኃይል ክፍሏ ልጅ ሳቀችና «እኛም አሳራችንን እንበላ የለ!» አለች። እውነቷን ነው። ፍዳችንን እንበላለን፣ መከራችንን እንበላለን። ልዩነቱ፣ እኛ አሳሬን በላሁ የምንለው ስናማርር ነው። እነሱ ዘንድ መራራ መብላት የሚችል ሠራተኛ ምስጉን ነው፤ የሥራ ማስታወቂያ ላይ ሳይቀር እንደ መመዘኛ ይጻፋል። እንግሊዝ ግን መራራንም መከራንም አይበላም። አንድ ቻይናዊ የሥራ ማመልከቻው ላይ «አይ ካን ኢት ቢተር» ብሎ ቢጽፍ አንባቢው ስለ ምግብ ምርጫው የሚያወራ ይመስለዋል።

«ሺን ኩ»ም አለላችሁ። ቃል በቃል የሚያቃጥልና የሚመር ማለት ነው። ሥራ ለዋለ ሰው የሚባል የምስጋና ቃል ነው። ለእኛ ቀላል ነው፤ «ደክማችኋል፣ በርቱ» እንላለን፣ አለቀ። እንግሊዝኛ ለዚህ የሚሆን የተዘጋጀ ቃል ስለሌለው «ታንክ ዩ ፎር ዩር ሃርድ ወርክ» ብለው ዞር ይላሉ። አሁንም «ሃርድ» መሆኗን ልብ በሉልኝ።

ወደ እንግሊዝኛው ልመለስ። «ቢተር» ከ«ባይት» ጋር አንድ ሥር አለው፤ መንከስ ማለት ነው። ይህን የያዘ ተማሪ ግማሹን መንገድ ሄዷል። ብርድ ይነክሳል፣ ስለዚህ «ቢተር ኮልድ» ይባላል። ከሰሜን ምሥራቅ ቻይና፣ ከሃርቢን ከተማ የመጣ አንድ ልጅ አለ። ጥር ላይ ብርዱ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ የሚያልፍበት አገር ነው። የሐዋሳን ሐምሌ ብርድ ሲሉት ይስቃል። በቋንቋው ስለ አገሩ ብርድ ሲናገር አጥንት የሚወጋ ይላል፣ ልክ እንደ እኛ አጥንት ሰርስሮ የሚገባ። ክፍላችን ውስጥ ብርድን መራራ የሚለው እንግሊዝኛው ብቻ ሆኖ ተገኘ።

ልቅሶ ላይ ደግሞ አሰላለፉ ይቀየራል። ጴጥሮስ ዶሮ ሲጮህ ወጥቶ እንዴት አለቀሰ? ምርር ብሎ። እንግሊዝኛውም «ቢተርሊ» ይላል። የቻይንኛው መጽሐፍ ቅዱስ ግን የሚጠቀመው «ሕመም» በሚለው ቃል ነው፤ በሕመም አለቀሰ እንደ ማለት። አምርሮ ማዘን፣ አምርሮ መጥላት፣ አምርሮ መክሰስ፣ እነዚህን ሁሉ የእኛ ልጆች ወደ «ቢተርሊ» ሲመልሷቸው ብዙ አይሳሳቱም። ምሬት የሚለው ቃላችን ራሱ ከምላስ ይልቅ ለአቤቱታ ነው የሚያገለግለው። የጋዜጣችሁን አርዕስቶች ተመልከቱ፤ ነዋሪዎች በውኃ እጦት ተማረሩ፣ ነጋዴዎች በግብር ተማረሩ። ቻይንኛ ተናጋሪው ይህ ስንቅ የለውም። እንግዲህ ለእሱ የተዘጋጀ ሰንጠረዥ ይህን ካልነገረው ማን ይነግረዋል?

በነገራችን ላይ «ኩ» ብላችሁ በእኛ ፊደል ስትጽፉ የድምፁን ከፍታና ዝቅታ አላመለከታችሁም። በቻይንኛ በአንደኛው ቃና ከተባለ ማልቀስ ነው፣ በሦስተኛው መራራ፣ በአራተኛው ሱሪ። ሱሪ ሲሰፋ በሚዋልበት ፋብሪካ ይህ ቀልድ አይደለም።

ስለ ምግቡም ትንሽ ልበል፤ ዋናው ትርጉሙ እሱ ነውና። ቻይናዎች «ኩ ጓ» የሚሉት መራራ አትክልት አላቸው፤ በበጋ ሙቀት ያበርዳል ብለው ከእንቁላል ጋር ጠብሰው ይበሉታል። መራራነቱ ነውሩ አይደለም። ለእኛ መራራ ሲባል ቶሎ የሚመጣው ኮሶ ነው፣ ወይ በደንብ ያልተነከረ ግብጦ። ጠላ ላይ ግን ጌሾው ካልመረረ ጠላ አይባልም። እንግሊዞችም ቢራን የእነሱ ጌሾ በሆነው በሆፕ ያመርሩና አንዱን ዓይነት ቢራቸውን ስሙን ራሱን «ቢተር» ብለውታል። መጠጥ ቤት ገብቶ አንድ ቢተር የሚያዝዝ እንግሊዛዊ አላማረረም።

ቡና ላይ ነው ጥንቃቄው። እዚህ የሲዳማ ምድር እንግዳ ሆኖ ቡና ሳይጠጣ የሚወጣ የለም። ተማሪዬ አቦሉን ፉት ብሎ፣ ጤና አዳሙን በጣቱ ገለል አድርጎ፣ ፈገግ እያለ «ቬሪ ቢተር!» ይላል። እሱ የቀመሰውን መናገሩ ነው፤ ክፋት የለውም። ያፈላችው ልጅ ግን ፊቷ ይለወጣል። ቡናሽ መረረ ማለት አሳረርሽው ማለት ነዋ! ስኳሩን አቅርባለት ዝም ትላለች። እንግሊዝ ቤትም ቢሆን ያው ነው፤ ለጋባዥ ቡናሽ «ቢተር» ነው ማለት ነቀፋ ነው። የሚባለው «ስትሮንግ» ነው። እኛ ወፈር ያለ ቡና እንደምንለው። ይህችን አንዲት ቃል ካስተማርኳቸው በኋላ ስንት ቤት በሰላም ቡና እንደተጠጣ!

ሰዋስውም አለ፣ ባጭሩ። «ኢት ቴስትስ ቢተር» ነው የሚባለው እንጂ «ቢተርሊ» አይደለም። ጥንቅቅ ማለት የሚወዱ ጎበዝ ተማሪዎች ናቸው እዚህ ላይ የሚወድቁት። የሎሚ ጣዕምም «ቢተር» አይደለም፣ «ሳወር» ነው። ልጣጩን ካኘኩት ግን «ቢተር» ነው።

የምጠይቃችሁ እንግዲህ ይህ ነው። ሰንጠረዡን አትተዉት፣ ጥሩ ጅምር ነው። ነገር ግን ለአንድ ቃል አንድ መስመር ከምትሰጡት አራት አምስት ዓረፍተ ነገር ስጡት፦ ስለ ምግብ አንድ፣ ስለ ሰው አንድ፣ ስለ አየር ጠባይ አንድ። ለማን እንደሚባልና ማን ሊቀየም እንደሚችልም ጨምሩበት። ቦታ ጠበበን ካላችሁ የሳምንቱን ቃላት ቀንሱ።

ቀጣዩ «ሳወር» ከሆነ ከወዲሁ ላሳስብ። በቻይንኛ «ሷን» የሚባለው ሆምጣጣውም ነው፣ ሥራ የዋለ ጡንቻ ሕመምም ነው። የማሽን ቴክኒሺያኑ ተማሪዬ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ውሎ ክፍል ሲገባ «ማይ ሌግስ አር ሳወር» ይለኛል። እባካችሁ «ሶር» የሚለውን ቃል ከጎኑ አስገቡልኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
የማታ ተማሪዎች መምህርት፣ ከሐዋሳ