ሙያችንን አስተባብረን እንድናገለግል የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

በክርስቶስ የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣

በመካከላችን ያለውን ሙያ ለማወቅ ባደረግነው ምዝገባ አናጺዎች፣ ልብስ ሰፊዎች፣ ነርሶች፣ መምህራን፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኞችና ሾፌሮች ያለ ምንም ክፍያ ለማገልገል ስማቸውን አስመዝግበዋል። በሌላው መዝገብ ደግሞ ጣሪያቸው የሚያፈስባቸው አረጋውያን፣ ከአልጋ የማይነሡ ሕሙማንና ትምህርት የከበዳቸው ልጆች ሰፍረዋል። ሁለቱን መዝገቦች ጎን ለጎን ያየ ሰው ሥራው ያለቀ ሊመስለው ይችላል። ይሁን እንጂ አናጺው ቆርቆሮና ምስማር ካላገኘ፣ ነርሷ የቁስል መጠቅለያና የደም ግፊት መለኪያ ከሌላት፣ መምህሩም የሚያስጠናበት መጽሐፍ ከጎደለው በጎ ፈቃዳቸው ከመዝገቡ አይወጣም። ይህ ጥሪ የቀረበውም በሁለቱ መዝገቦች መካከል ያለውን ክፍተት፣ ማለትም የጋራ መሣሪያ፣ የሥራ ዕቃና የአገልጋዮች መጓጓዣ፣ ሁላችንም ተጋግዘን እንድንሸፍን ነው።

ገንዘብን ከመንፈሳዊ ስጦታ አሳንሶ፣ አንዳንዴም ከነጭራሹ ለይቶ የማየት ልማድ አለን። የመገናኛው ድንኳን ሲሠራ የነበረው ግን እንዲህ አልነበረም። ባስልኤልና ኤልያብ የእጅ ጥበብን ከእግዚአብሔር ተቀብለዋል፤ ሴቶች የፍየል ጠጉር ፈትለዋል፤ ሌላው ሕዝብ ደግሞ ወርቁን፣ ናሱንና በፍታውን ይዞ መጥቷል። ሕዝቡ ያመጣው ሁሉ ሙያተኛ ባይኖር ክምር ሆኖ በቀረ፣ የባስልኤል ጥበብም የሚሠራበት ባያገኝ በልቡ ተዳፍኖ በቀረ ነበር። በዚያ ታሪክ ውስጥ በተለይ የሚያስደንቀን፣ ሠራተኞቹ የመጣው ስጦታ ከሚያስፈልገው በላይ መሆኑን በነገሩት ጊዜ ሙሴ ሕዝቡ ማምጣቱን እንዲያቆም ማወጁ ነው። መዋጮ ጠይቆ፣ በበቃ ጊዜ በቃ የሚል ሰብሳቢ ብዙ ጊዜ አይገጥመንምና እኛም ለተመዘገቡት ሥራዎች የሚበቃው ሲሟላ ይህንኑ ለጉባኤው አሳውቀን መሰብሰቡን እንደምናቆም ከወዲሁ ቃል እንገባለን።

በምዝገባው ወቅት “እኔ ምንም ሙያ የለኝም” ብለው የተመለሱ ብዙዎች ነበሩ። በነህምያ ዘመን የኢየሩሳሌምን ቅጥር በ52 ቀን ካጠናቀቁት መካከል ወርቅ አንጥረኞችና ሽቱ ቀማሚዎች እንደነበሩ፣ ሰሎም የተባለው አለቃም ከሴቶች ልጆቹ ጋር እንደሠራ መጽሐፉ በስም ዘርዝሯል። ከእነዚህ አብዛኞቹ ግንበኝነትን ሙያቸው አድርገው የኖሩ አይመስለንም። ስለዚህ ስልክ ደውሎ ቀጠሮ የሚይዝ፣ ዕቃ የሚቆጥር፣ ብቻቸውን ከሚውሉ ሕሙማን ጋር ተቀምጦ የሚያጫውት ሰው ከአናጺው ባላነሰ ያስፈልገናል። ዛሬ ረጂ የሆነው ነገ ተረጂ ሊሆን ይችላል፤ ከአልጋቸው ሳይነሡ ልጆችን ንባብ ለማስጠናት ፈቃደኝነታቸውን የገለጹልን ሕሙማን እንዳሉም ልብ በሉ።

በጎ ፈቃድ ብቻውን ሥርዓትን አይተካም። የመጀመሪያዪቱ ቤተ ክርስቲያን ያላትን ሁሉ በጋራ ትጠቀም የነበረች ብትሆንም፣ የግሪክ ቋንቋ ተናጋሪ የሆኑት መበለቶች በየዕለቱ እደላ ችላ ተብለው ማጉረምረም በመነሣቱ ሐዋርያት ለዚሁ ሥራ ሰባት ሰዎች እንዲመረጡ አድርገዋል። ሐዋርያው ጳውሎስም ለኢየሩሳሌም ድሆች የተዋጣውን ገንዘብ ሲያስልክ ማንም እንዳይነቅፈው ተጠንቅቆ፣ ከቲቶ ጋር አብያተ ክርስቲያናት የመረጡትን ወንድም ልኳል። እርሱ ይህን ያህል ከተጠነቀቀ እኛ በቃል ብቻ እመኑን የምንልበት ምክንያት የለም። እያንዳንዱ ስጦታ ደረሰኝ ይቆረጥለታል፤ ገንዘብ ያለ ሁለት ፈራሚ ወጪ አይሆንም፤ አስተባባሪዎች አበል አይወስዱም፤ የሦስት ወር ሒሳብም ከኮሚቴው ውጭ በሆነ ባለሙያ ተመርምሮ በጉባኤው ፊት ይነበባል። የሚገዙት መሣሪያዎች የማኅበሩ ንብረት ሆነው በቁጥር ይመዘገባሉ፤ ተውሶ የወሰደም ፈርሞ ይወስዳል፣ ፈርሞም ይመልሳል። የተረጂዎች ስም ግን በምንም ዓይነት ሪፖርት ላይ አይወጣም።

ስጦታችሁን በአንድ ጊዜም ሆነ በየወሩ መስጠት ትችላላችሁ። እኛ ግን የሕሙማን ጉብኝትና የልጆች ጥናት በየሳምንቱ የሚቀጥሉ ሥራዎች በመሆናቸው፣ አንድ ጊዜ ከሚሰጥ ብዙ ገንዘብ ይልቅ ሳይቋረጥ የሚመጣ ጥቂት ገንዘብ ይበልጥ ይጠቅመናል ብለን እናምናለን። ጳውሎስም የቆሮንቶስ ምእመናን በየሳምንቱ መጀመሪያ ቀን እያንዳንዳቸው እንደ ገቢያቸው እንዲያስቀምጡ ያዘዘው እርሱ በመጣ ጊዜ መዋጮ እንዳይሆን ነበር። ዕዳ ያለባችሁ ወይም የቤታችሁ ቀለብ የጎደለባችሁ ወገኖቻችን ይህ ጥሪ ጭንቀት እንዳይሆንባችሁ አጥብቀን እንለምናለን። የምንለምነው ሰው ካለው ላይ እንዲሰጥ ነው፤ ይልቁንም የእናንተ ስም በሁለተኛው መዝገብ ላይ እንዲሰፍር ሳታፍሩ ንገሩን።

ያገለገሉ ነገር ግን በደኅና ሁኔታ ላይ ያሉ የአናጺና የስፌት መሣሪያዎችን፣ የመማሪያ መጻሕፍትንና ተሽከርካሪ ወንበሮችንም በደስታ እንቀበላለን። መድኃኒት ግን፣ ያልተከፈተም ቢሆን፣ አንቀበልም። የቃል ኪዳን ቅጹ ከጉባኤ በኋላ በአስተባባሪዎች እጅ ይገኛል፤ ሞልታችሁ ስትመልሱም የመጀመሪያው ግዢ የጣሪያ ጥገና ዕቃ እንዲሆን የወሰንን መሆኑን እንድታውቁ እንወዳለን፤ አናጺዎቹ ቤቶቹን አይተው ልኬቱን ወስደዋል፤ የሚጠብቁት ቆርቆሮውን ብቻ ነው።