«ሙሉ ታሪክ» ብላችሁ የሸጣችሁልን ጥቅል ሙሉ አይደለም

ለ፦ አሳታሚ ድርጅቱ የደንበኞች አገልግሎት ክፍል
ግልባጭ፦ ለዋና አዘጋጁ
ጉዳዩ፦ ከኮሚክ ክሮስኦቨሩ ጥቅል ስለጎደሉት እትሞችና ታሪኩ ስለተበታተነበት መንገድ ቅሬታ ስለማቅረብ

ጤና ይስጥልኝ።

ይህን የምጽፈው ሥራችሁን ጠልቼ አይደለም። ጠልቼ ቢሆን ኖሮ መተግበሪያውን አጥፍቼ ዝም እል ነበር። የሚያናድደኝ ታሪኩ ጥሩ መሆኑ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የተለያዩ ተከታታዮቻችሁን ጀግኖች በአንድ ታሪክ ያገናኘውን ክሮስኦቨር «ሙሉ ታሪክ» ብላችሁ መተግበሪያችሁ ላይ በጥቅል አወጣችሁ። ገዛሁት። ውስጡ 7 እትም ያለው ዋናው ተከታታይና ጥቂት ተያያዥ እትሞች፣ ማለትም ከዋናው ታሪክ ጋር የተገናኙ የሌሎች ተከታታዮች እትሞች፣ አሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት እትሞች ግሩም ናቸው። ሠዓሊያችሁ እጁ ይባረክ። ከተማዋ ከላይ ስትታይ፣ መብራቷ ሰፈር በሰፈር እየጠፋ ሲሄድ የሚያሳየው ባለ ሁለት ገጽ ሥዕል ላይ ብዙ ቆይቻለሁ።

ችግሩ የሚጀምረው 3ኛው ላይ ነው። የቡድኑ መሪ ኃይሏን ተነጥቃ፣ በሰንሰለት ታስራ፣ ባላንጣው ፊት እንደተንበረከከች እትሙ ያልቃል። ልብ አንጠልጣይ ማለት ይኼ ነው። 4ኛውን ስከፍት ግን መሪዋ ነፃ ናት። ግንባሯ ላይ ጠባሳ አለ። ጎኗ ደግሞ አይቼው የማላውቅ ሰው ቆሟል፤ እሷ እንደ ወንድሟ ታምነዋለች። እንዴት አመለጠች? ጠባሳው ከየት መጣ? ሰውዬውስ ማነው? ገጽ ዘልዬ ይሆናል ብዬ ወደ ኋላ ሄድኩ። ምንም አልዘለልኩም። መልሱ ከሥዕሉ ሥር በደቃቅ ፊደል ተጽፏል፦ ሌላ ተከታታይ ይመልከቱ ይላል። ያ ሌላ ተከታታይ ጥቅሉ ውስጥ የለም።

5ኛው ላይ ከድጡ ወደ ማጡ ሆነ። ከቡድኑ መካከል ከሃዲ እንዳለ ከመጀመሪያው እትም ጀምሮ ስትጠቁሙን ቆይታችኋል። ማን ይሆን እያልኩ እያንዳንዱን ፊት ስመረምር ነበር። 5ኛው ሲጀምር ሁሉም አውቀውታል። ተጣልተው፣ ተላቅሰው፣ ግማሾቹም ይቅር ብለውት ጨርሰዋል። እኔ ብቻ ነኝ ለቅሶው ካበቃ በኋላ የደረስኩት። ክህደቱ የተገለጠው ለብቻው በሚሸጥ፣ ሽፋኑ ላይ የክሮስኦቨሩ ዓርማ እንኳ በትንሹ በተለጠፈበት እትም ውስጥ ኖሯል።

ስለ መጨረሻው እትም ብዙ አልልም። ባላንጣው በ4 ገጽ ይሸነፋል። ከዚያ በኋላ አንዱ ጀግና በር ያንኳኳል፣ ሌላው ሰማይ ሰማይ ያያል፣ ሦስተኛዋ ምስጢራዊ ጥሪ ይደርሳታል። ሁሉም ለሚቀጥሉት ተከታታዮች ማስታወቂያ ነው። ፍጻሜ አይባልም።

ይህንን ለደንበኞች አገልግሎታችሁ ባጭሩ ጽፌ ነበር። የመጣልኝ መልስ ተያያዥ እትሞቹ ተጨማሪ እንደሆኑና ለፈለገ ብቻ የቀረቡ እንደሆኑ ይገልጻል። ይኼ ውሃ የሚያነሳ መልስ አይደለም። ተጨማሪ ከሆኑ ዋናው ታሪክ ያለ እነሱ መቆም ነበረበት። መቆም ካልቻለ ደግሞ የታሪኩ አካል ናቸው፤ ጥቅሉ ውስጥ መግባት ነበረባቸው። ከሁለቱ አንዱን ምረጡ።

ክሮስኦቨር ሲባል የግድ እንዲህ ይሆናል የሚል ካለ፣ የዘርፉን ታሪክ ያገላብጥ። እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 1986 የወጣው «ክራይሲስ ኦን ኢንፊኒት ኧርዝስ» የአሜሪካዊውን የኮሚክ አሳታሚ የዲሲን ዓለም በሙሉ ያናወጠ፣ በገጸ ባሕርይ የተጨናነቀ ሥራ ነው። 12 እትም አለው። ማርቭ ዎልፍማን ጻፈው፣ ጆርጅ ፔሬዝ ሣለው። ብዙ ወርሃዊ መጽሔቶችም ከእሱ ጋር ተያይዘው ነበር። ነገር ግን ሱፐርገርል የሞተችው በዋናው ተከታታይ 7ኛ እትም ላይ ነው። ፍላሽ፣ ማለትም ባሪ አለን፣ የሞተው እዚያው 8ኛው ላይ ነው። አንባቢው ቀብር ፍለጋ ሌላ ቤት አልተላከም።

የእናንተን ታሪክ ሳነብ ደጋግሞ ትዝ ያለኝ ግን እ.ኤ.አ. በ2006 የተጀመረው የሌላው አሜሪካዊ አሳታሚ የማርቭል «አናይሌሽን» ነው። መጀመሪያ አንድ መግቢያ እትም ወጣ። ቀጥሎ እያንዳንዳቸው 4 እትም ያላቸው 4 አጫጭር ተከታታዮች መጡ፦ የኖቫ፣ የሲልቨር ሰርፈር፣ የሱፐር-ስክራልና የሮናን። እያንዳንዱ የራሱ ጉዳይ፣ የራሱ ጅማሬና የራሱ ማሳረጊያ አለው። 6 እትም ያለው ዋናው ታሪክ የተከፈተው ከዚያ በኋላ ነው። የኖቫን ብቻ አንብቦ ወደ ዋናው የገባ ሰው መንገድ አይጠፋበትም። አራቱንም ያነበበ ደግሞ ጦርነቱ ውስጥ የሚያውቃቸው ፊቶች ይበዙለታል። ብዙ ያነበበ ብዙ ያገኛል፤ ጥቂት ያነበበም አይቀጣም። እናንተ የገለበጣችሁት ይኼንን ነው።

ንግድ መሆኑን አልረሳሁም። ተያያዥ እትም የሚወጣው ደካማ መጽሔት እንዲሸጥ ጭምር መሆኑን ማንም የኮሚክ አንባቢ ያውቃል። ግን «አናይሌሽን» በንግዱም በኩል ቢሆን መልስ አለው። በጊዜው ብዙ ሰው ከቁብ የማይቆጥራቸውን የጠፈር ገጸ ባሕርያት ነው ያነሳው። ኖቫ በ2007 የራሱን ወርሃዊ ተከታታይ አገኘ። በ2008 ከዚሁ መስመር አዲሱ የ«ጋርዲያንስ ኦፍ ዘ ጋላክሲ» ቡድን ወጣ፤ የ2014ቱ ፊልምም መነሻ ያደረገው ያንን ቡድን ነው። አንባቢ ወዶ የተከተለው ገጸ ባሕርይ ይቆያል። ተገዶ የተከተለው ግን ክሮስኦቨሩ ሲያልቅ ይረሳል።

እስቲ የእናንተኑ ታሪክ እንደገና እናዋቅረው። ከደራሲዎቻችሁ እበልጣለሁ ብዬ አይደለም። ጥሩ ጥሬ ዕቃ ሜዳ ላይ ሲፈስ ማየት ስላላስቻለኝ ነው።

መግቢያው ያ የመብራት መጥፋት ይሁን። አንድ እትም ይበቃዋል። ከዚያ 3 አጫጭር ተከታታዮች ይምጡ። አንዱ የመሪዋ ነው፤ ሥልጣኑን እንዴት እንደተቀበለችና ለምን እንደከበዳት። ሁለተኛው ያ ከየት መጣ ሳይባል ጎኗ የቆመው ሰው ነው። የእሱን ታሪክ ፈልጌ ለብቻው ገዝቼ አነበብኩት፤ እውነት ለመናገር ከክሮስኦቨሩ ሁሉ የተሻለው እሱ ነው! እንዲህ ያለ ሰው ከጦርነቱ በፊት ቢያስተዋውቁን ኖሮ፣ መሪዋ ሰንሰለት ላይ ሳለች በሩን ሰብሮ ሲገባ አንባቢው ከመቀመጫው ይነሳ ነበር።

ሦስተኛው የከሃዲው ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። እናንተ ክህደቱን እንደ ድንገተኛ ዜና ልትጠቀሙበት አሰባችሁ፤ ዜናውን ግን ሌላ ቦታ አወጃችሁት። እኔ ብሆን ከነጭራሹ አልደብቀውም። በእሱ አጭር ተከታታይ ውስጥ እንዴት እንደተያዘ፣ ባላንጣው በምን እንዳስገደደው፣ ለምን ለጓደኞቹ መንገር እንዳቃተው በግልጽ አሳያለሁ። አንባቢው አውቆ ወደ ዋናው ታሪክ ይገባል። ጀግኖቹ አያውቁም። ከዚያ በኋላ መሪዋ ትከሻውን መታ መታ አድርጋ «ያለ አንተ ምን ይውጠኝ ነበር» ስትለው አንጀት ይቆርጣል። እቅዳቸውን በነገሩት ቁጥር አንባቢው ዝም በሉ ብሎ ሊጮህ ይደርሳል። ድንጋጤ አንዴ ነው የሚሠራው። ማወቅ ግን በየገጹ ይሠራል።

የእሱን ተከታታይ ያላነበበስ? ለሱም ቦታ አለው። ዋናው ታሪክ 2ኛ እትም ላይ ከሃዲውና ባላንጣው በአንድ ገጽ ይገናኙ። አንድ ገጽ ብቻ። ላነበበው ማስታወሻ፣ ላላነበበው ዜና ይሆናል።

ዋናው ታሪክ 6 እትም ይሁን፤ 7 ያደረገው መንከላወስ ነው። ማምለጧ 4ኛው እትም መክፈቻ ላይ በ8 ገጽ ይሣል። ውጤቱን አስቀድሞ ማሳየት በራሱ ጥፋት አይደለም፤ በ1984 በተጀመረው የማርቭል ክሮስኦቨር «ሲክሬት ዎርስ» ዘመን ስፓይደር-ማን ጥቁር ልብስ ለብሶ በራሱ መጽሔት ላይ ተመለሰ፤ ልብሱን ከየት እንዳገኘው የታወቀው ከወራት በኋላ ነው። ልብ በሉ፤ መልሱ የመጣው በዋናው ተከታታይ 8ኛ እትም ላይ ነው። የጠየቀው እዚያው እየተከታተለ ጠበቀ፣ አገኘም። እናንተ ጥያቄውን ዋናው ላይ ጥላችሁ መልሱን ጓዳ ደበቃችሁት።

ጦርነቱ እየተካሄደ የሚወጡ ተያያዥ እትሞችም ይኑሩ፣ ለምን አይኖሩም። ግን ሰዎቹ ሌላ ይሁኑ። በጨለማው ከተማ ሕሙማን የሚያመላልስ የአምቡላንስ ሹፌር፣ ኃይሉ ገና ሳምንት ያልሞላው ልጅ፣ ባላንጣውን የሚያገለግል ተራ ወታደር። በአንድ እትም ተጀምረው በአንድ እትም ይለቁ። የሚወድ ያንብብ፣ የማይወድ ይለፍ። የፍጻሜው እትም ፍጻሜ ብቻ ይሁን። በር ማንኳኳቱና ሰማይ ማየቱ በሚቀጥለው ወር ለብቻው ይውጣ።

የመጨረሻው እትም መዘግየቱም ሳይነሳ አይታለፍም። ከእሱ በኋላ የሚሆነውን የሚተርኩት አዲስ ተከታታዮች ቀድመውት ወጡ። ሞቶ ይሆናል ብዬ የተጨነቅኩለት ወጣት ጀግና አዲስ ሽፋን ላይ እየሣቀ አገኘሁት። ይህ ስሕተት እንግዳ አይደለም። በ2015 በዚያው ስም በወጣው ሌላ «ሲክሬት ዎርስ»ም 8 እትም ይሆናል የተባለው ወደ 9 አድጎ፣ የመጨረሻው በጃንዋሪ 2016 ሲወጣ ከእሱ በኋላ ያሉት አዳዲስ ተከታታዮች ከኦክቶበር 2015 ጀምሮ ገበያ ላይ ነበሩ። ከሌላ ሰው እንቅፋት መማር ይቻል ነበር። የመጨረሻው ገጽ ተሥሎ ሳያልቅ የመጀመሪያው እትም አይውጣ። ካልተቻለም ተከታዮቹ ይጠብቁ።

ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። ጥቅሉን ለገዛን ሰዎች መሪዋ ያመለጠችባቸውንና ክህደቱ የተገለጠበትን እትሞች ያለ ተጨማሪ ክፍያ ጨምሩልን። ያ እስኪሆን ድረስ ከጥቅሉ ላይ «ሙሉ ታሪክ» የሚለውን አንሱትና «ዋናው ተከታታይ» በሉት፤ የሚቀጥለው ገዢ የሚገዛውን አውቆ ይግዛ። መተግበሪያው ላይ የንባብ ቅደም ተከተል አስቀምጡ፤ ከየትኛው እትም በኋላ የትኛው እንደሚነበብ የሚያሳይ ቀላል ዝርዝር ይበቃል። ይህን ዛሬውኑ መሥራት የምትችሉ ይመስለኛል።

ታሪኩ በአንድ ጥራዝ ሲታተም ደግሞ ማምለጧ በ3ኛውና በ4ኛው መካከል ይግባ። ክህደቱ ከ5ኛው በፊት ይምጣ። የያንዳንዱን ተከታታይ እትሞች ለየብቻ ደርድራችሁ እንዳታወጡት፤ እንደዚያ ከሆነ እንቆቅልሹን በወፍራም ሽፋን አስራችሁ ሸጣችሁልን ማለት ነው። ጥራዙ ውስጥ እነዚህ ቦታቸውን ካገኙ ደግሜ እገዛዋለሁ።

መልሱን ከዋና አዘጋጁ ክፍል በጽሑፍ እጠብቃለሁ። ተያያዥ እትሞቹ ለፈለገ ብቻ ናቸው የሚለውን አንብቤዋለሁ፤ እሱን ደግማችሁ አትላኩልኝ።

ከሰላምታ ጋር፣
የጥቅሉ ገዢና የወርሃዊ ተከታታዮቻችሁ አንባቢ