500 ካሬ ሜትር ለዝሆን በቃው?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

በመካነ እንስሳት ስላሉ ዝሆኖች ያወጣችሁትን ዘገባ አንብቤ ዝም ማለት አልሆነልኝም። ዘጋቢያችሁ የአሜሪካ መካነ እንስሳት ማኅበር ለአንድ ዝሆን ቢያንስ ወደ 500 ካሬ ሜትር ሜዳ እንደሚጠይቅ ጠቅሶ፣ መስፈርቱ ስለተሟላ ቦታው ይበቃል ብሎ ደምድሟል። ለመሆኑ 500 ካሬ ሜትር ምን ያህል እንደሆነ በእግሩ ረግጦ ያውቃል? እኛ መንዞች መሬት የምንለካው በጥማድ ነው። ጥማዱን ሩብ ሄክታር ብንለው፣ ለዝሆኑ የተፈቀደለት አምስተኛው ብቻ ነው! ለድለባ ታስሮ የከረመ በሬ እንኳ ሲፈታ ሸኾናው ረዝሞ ሲንገዳገድ እናያለን። በቶን የሚቆጠር ክብደት ያለው ዝሆን ሲሚንቶ ላይ ቆሞ ሲውል እግሩ ቢቆስል፣ መገጣጠሚያው ቢታመም ምን ይገርማል?

"መኖና ውኃ ከቀረበለት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም" የሚለው ክርክር ሚዛን እንዳለው አልክድም፤ በዱር ብዙውን የሚጓዘው እነሱን ፍለጋ ነውና። ታዲያ ዕድሜውስ? እ.ኤ.አ. በ2008 ሳይንስ መጽሔት ላይ በወጣ ጥናት፣ በኬንያ አምቦሴሊ ብሔራዊ ፓርክ በተፈጥሮ ሞት የሞቱ ሴት ዝሆኖች መካከለኛ ዕድሜ 56 ዓመት ሲሆን፣ በአውሮፓ መካነ እንስሳት የተወለዱት የአፍሪካ ሴት ዝሆኖች ግን 16.9 ብቻ ነው። ሐኪም ተመድቦለት፣ አዳኝ ሳይደርስበት ሲሶ ዕድሜ እንኳ ያልሞላ እንስሳ ተመችቶታል ይባላል? የዲትሮይት መካነ እንስሳት እ.ኤ.አ. በ2005 ዝሆኖቹን በካሊፎርኒያ ወደሚገኝ ሰፊ መጠለያ የላከው ቦታው ጠቦ፣ ክረምቱም ከብዶባቸው ነው። ዘገባው ይህን አንድም ቦታ አላነሳም።

ከሁሉ ያንገበገበኝ ግን "የገጠሩ ሕዝብ ለዱር እንስሳ ቦታ መተው አልለመደም" የምትለዋ ዐረፍተ ነገር ናት። የመንዝ ጓሳን ማን ጠበቀው? ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆነውን ደጋ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ አባቶቻችን ሣሩ ለዓመታት እንዳይታጨድ፣ እንዳይጋጥ በራሳቸው ሕግ እየከለከሉ አቆዩት። ለቤት ክዳን፣ ለገሳ፣ ለገመድ ሣሩን እየፈለጉት ታገሡ። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዛሬም ጓሳ ላይ ያሉት በዚያ ምክንያት ነው። የደረሰ ገብሴን ጭላዳ ዛላውን እየመለጠ ሲጨርስብኝ አቤት ያልኩበት ቢሮ "ታገሥ" ብሎ አሰናብቶኛል። እኔም ታገሥኩ፤ አንዱንም አልገደልኩም። ልጆቼ የሚበሉትን አካፍዬ ሳበቃ ቦታ መተው አታውቅም መባሌ ግን ያማል።

ማስተካከያ አውጡ። ዘጋቢያችሁም ስለ ዝሆን ዳግም ሲጽፍ ከአጥሩ ስፋት በፊት የእንስሳቱን እግርና ዕድሜ ይጠይቅ።

ከሰሜን ሸዋ፣ መንዝ