ሠልጣኝን ካርታ አስይዞ ወደማያውቀው ኤርፖርት መላክ ይቁም

ለ፦ ሄሊኮፕተር ማሠልጠኛው የሥልጠና ኃላፊ
ጉዳዩ፦ ወደ ባሕር ዳር ለብቻዬ ስላደረግሁት በረራ ቅሬታ ስለማቅረብ

ጤና ይስጥልኝ።

ባለፈው ሳምንት ወደ ባሕር ዳር ስትልኩኝ የሰጣችሁኝ ካርታ፣ የሬዲዮ ፍሪኩዌንሲና የነዳጅ ሒሳብ ብቻ ነው። መንገዱ አላስቸገረኝም። ጣና ከሩቅ ስለሚታይ ባሕር ዳርን መሳት ይከብዳል። ጉዱ የመጣው ከደረስኩ በኋላ ነው።

የምንለማመድበት ሜዳ ቆላ ነው፤ ከእኛ በቀር የሚያርፍበትም የለም። ባሕር ዳር ግን ከባሕር ጠለል ከ1,800 ሜትር በላይ ናት፤ የመንገደኞች አውሮፕላንም ይመላለስባታል። ሙቀቱ 28 ዲግሪ ሲደርስ አየሩ ይሳሳና ሄሊኮፕተሯ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ እንዳለች ያህል ትደክማለች። የሞተሩ ጉልበት ይቀንሳል፤ ከላይ የሚሽከረከረው ክንፍ፣ ሮተሩም፣ የሚቀዝፈው አየር ይሳሳበታል። ይህን ክፍል ውስጥ ተምረናል፣ አልክድም። ግን በዚያን ቀን ሙቀትና ክብደት፣ አየር ላይ ቀጥ ብዬ ስቆም ስንት ጉልበት እንደሚተርፈኝ አብሮኝ ቁጭ ብሎ ያሰላ ኢንስትራክተር አልነበረም። «ነዳጅ ሙላና ሂድ» ነው የተባልኩት። ነዳጅም ክብደት ነው እኮ!

ታወሩ፣ ማለትም የኤርፖርቱ የበረራ መቆጣጠሪያ፣ ወደ አውሮፕላን ማቆሚያው እንድጠጋ ፈቀደልኝ። እነሱን አልወቅስም፤ ተማሪ መሆኔን ማን ነገራቸው? ቀድሞ መደወል የእናንተ ሥራ ነበር። ከፊቴ መንገደኞች የአውሮፕላኑን ደረጃ እየወጡ ነው። ሄሊኮፕተራችን ትንሽ ብትሆንም የምትለቀው ነፋስ ቀላል አይደለም። አቧራው ተነሣ፤ የአንዲት እናት ነጠላ ከራሳቸው ላይ ተገፎ ሄደ። ታወሩን ጠይቄ ራቅ ብዬ አረፍኩ።

በዚህም አላበቃም። ሞተሩን ከማጥፋቴ በፊት እየዞረ እስኪበርድ ስጠብቅ አንድ ሠራተኛ ከኋላ፣ በጭራው በኩል፣ ወደ እኔ መጣ። የጭራ ሮተር ሲዞር ለዓይን አይታይም። ብጮህም በዚያ ድምፅ ማን ይሰማኛል? እጄን በበሩ አውጥቼ አወናጨፍኩ። እግዜር ሲያወጣው አየኝና ዞሮ በፊት በኩል መጣ። ያ ሰው በየቀኑ የሚያውቀው ትልልቅ አውሮፕላን ነው። ሄሊኮፕተር ሲመጣ በየት በኩል እንደሚቀረብ የሚያስረዳ፣ እኔንም የሚቀበል ሰው አስቀድሞ መዘጋጀት ነበረበት።

ተመልሼ ለቢሮ ሳመለክት «ሰው አልተጎዳ፣ ምን ሆነ ታዲያ?» ተባልኩ። ማስታወቂያችሁ ላይ ደግሞ «ደኅንነት ይቀድማል» ይላል። ለማያውቁሽ ታጠኚ!

ይህን አሁን የምጽፈው ቀጣዩ ምድቤ ደብረ ማርቆስ ስለሆነ ነው። ከተማዋ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ ከባሕር ዳርም ትብሳለች። በዚያ ላይ ጮቄ አለ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ የሚወጣ ተራራ። ነፋስ ተራራ ተሻግሮ ሲወርድ ሄሊኮፕተሯን ይዟት ይወርዳል፤ ትርፍ ጉልበት ከሌላት ከዚያ መውጣት ጭንቅ ነው። ከደቡብ ለሚመጣ ደግሞ የዓባይ በረሃ አለ። ከሞቃቱ ሸለቆ ወጥቶ ደጋ ላይ ማረፍ ለልምድ አልባ ሰው ቀልድ አይደለም።

ስለዚህ ማንኛውም ሠልጣኝ አይቶት ወደማያውቀው ኤርፖርት መጀመሪያ ከኢንስትራክተር ጋር ይሂድ። ከመነሣታችን በፊት የሚያስፈልገውና የሚተርፈው ጉልበት አብሮ ይሰላ። ለኤርፖርቱም ተደውሎ ሄሊኮፕተር የት እንደሚያርፍ፣ ማን እንደሚቀበለን ይታወቅ። የአንድ ስልክ ጉዳይ ነው። የባሕር ዳሩን በረራ ደግሞ በእናንተ ወጪ፣ ከኢንስትራክተር ጋር እንድደግመው እጠይቃለሁ። የከፈልኩት ለሥልጠና ነው፤ ያገኘሁት ግን ሥልጠና አይደለም።

«እናየዋለን» የሚል የቃል መልስ ሰልችቶኛል፤ መልሱን በጽሑፍ ስጡኝ። እስከዚያው ወደ ደብረ ማርቆስ ለብቻዬ አልበርም።

ከሰላምታ ጋር
ሠልጣኝ አብራሪ

ግልባጭ፦ ለኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን